ሚዛኑና አውራ ጣቱ

ሰራን በምትባል የብረት ከተማ፣ በሜዝ ወንዝ ዳርቻ፣
ሰባት ወር ጉም ነው፤ የቀረው ካፊያ ብቻ፣
«ሚዛን» የተባለ ፓርቲ ምርጫ አሸነፈና
በጀት አነበበልን፣ ጉሮሮውን ጠረገና።
«ካዝናው ጎድሏል» አለ፤ «ቀበቶ ይጠበቅ።
የባለሀብት ግብር ግን ዝቅ ይበል፣ ትንሽ ዝቅ፤
ጽዋው ሞልቶ ሲፈስ፣ ከላይ ሲንጠባጠብ፣
ታች የቆመ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጥገብ።»

ላም አለኝ በሰማይ!
ስሟን ቀየሩላት፤ «የዕድገት ማዕቀፍ» አሏት፣
ባለቀለም ግራፍ ቀንድ አድርገው ሰጧት።
ወተቷን ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤
እኔ ያየሁት አንድ ነው፣ እበቷ ሲመጣ።

ሙሴ ዴፍላንድር፣ የፋይናንስ ሹሙ፣ ሰንጠረዥ ዘረጋ፤
ለያንዳንዱ ጉድለት አንድ ድሃ ተገኘለት፣ እንደ ዋጋ።
«ገበያው ራሱ ያውቃል» ይላል፣ ገበያ ሄዶ ሳያውቅ፤
የኪሎ ድንች ዋጋ ብንለው፣ ግንባሩ በላብ ሲጠመቅ።
ቀበቶስ ይጠበቅ፤ ግን በማን ወገብ ላይ?
እኛ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ስንበሳ፣ የነሱን ማን ያይ?

አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ከኮረብታው ቀረ፤
የሌሊት ነርሷ ጫማ፣ ሶሉ ተሸረሸረ።
ቤተ መጻሕፍቱ ለሐሙስ ከሰዓት ተቀጠረ።
የትምህርት ቤቱ ሾርባ ውስጥ፣ ውኃው እየበረታ፣
አንዲት ካሮት ቀረች፣ በጀልባ አምሳል ተንሳፍታ።

እኔ ያን አውቶቡስ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ፤
በፈረንሳይኛ እከራከራለሁ፣ በአማርኛ እበሽቃለሁ።
«ግብር» ይላል ቋንቋዬ፣ ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት፦
አንዱ ከደመወዝ የሚቆረጥ፣
አንዱ የጌቶች ግብዣ፣ ሥጋ የሚቆረጥበት።
እኛ ግብር ስናስገባ፣ እነሱ ግብር ገቡ፤
ከእኛ ደመወዝ ተቆርጦ፣ እነሱ በልተው ጠገቡ።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ በራሪ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ፤
አራት መቶ ቅጂ ይዤ ደረጃ ለደረጃ ዞርኩ።
ፓርቲዬ «ጎረቤት» ይባላል፤ ቀይ ኮፍያ ሰጥቶኛል፤
ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ግንባሬ ላይ ይፈሳል።

አምስተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ ኦዴት ላምቢዮት በር ከፈቱ።
የፋብሪካው ወጥ ቤት ነበሩ፣ ሳይበርድ የእቶኑ እሳቱ።
በማጉያ መነጽር አነበቡ፣ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩሉ፤
ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦
«አውቶቡሱን እነሱ፣ እሺ። ቤተ መጻሕፍቱንም እነሱ።
መዋኛውንስ ማን ዘጋው? ወይስ እሱን ረሱ?
ለወገቤ ሕመም ማክሰኞ ማክሰኞ እገባ ነበር።
ያኔ ሚዛን ወንበር ነበረው? የት ነበር?»

አልመለስኩም። አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ወንበሩ የኛ ነው፤
«ለጊዜው» ብለን ነበር፣ እጅ አውጥተን የዘጋነው።
አንድ እጄን ሳወጣ፣ ሌላው እጄ ሳንድዊች ይዞ ነበር፤
እኔም ግብር ገብቻለሁ፣ ከግብዣው ጥግ፣ ከበሩ ሥር።
«ና፣ ግንባርህን ጥረግ» ብለው ፎጣ ሰጡኝ፣ ክሎሪን የሚሸት፤
የኮፍያዬን ቀይ ቀለም አተምኩበት።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶ አወጣሁ።
በየወረቀቱ ግርጌ፣ አንድ በአንድ፣ ይህን ጻፍሁ፦
«መዋኛውን የዘጋነው እኛ ነን።»
መቶ ሃያ ላይ እጄ ዛለ፤ ቀሪውን ለነገ አሳደርሁ።

ጸሐፊያችን ጊስላን ደወለ፣ ድምፁ እንደ ፉጨት ቀጥኖ፦
«ምርጫው አሥር ቀን ቀረው! ለማን ነው የምትሠራው?» አለኝ አዝኖ።

እናንተ ሚዛኖች፣ ደስ አይበላችሁ፤ አልተሻገርኩም ወደናንተ፤
ላሟ ዛሬም ሰማይ ናት፤ አውቶቡሱም እንደቀረ ሰነበተ።
ገበያ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ የመዛኝ ተንኮል አይጠፋኝም፤
ሚዛን ቢያብረቀርቅ፣ አውራ ጣት ካረፈበት፣ ኪሎው አይሞላልኝም።
የኔን ይኸው አነሳሁ፤ ቀለም ነክቶታል፣ እዩት።
የናንተን ደግሞ ከሚዛኑ
አንሱት።